መርዘኛ እባብን በቤት ስለ ማኖር

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ከንባብ መጽሐፋችን ውስጥ የአንድ ገበሬና የአንድ እባብ ተረት ነበረ። ተረቱን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ገበሬው በብርድ ደርቆ የተጋደመ እባብ ያገኛል፤ ያዝንለታል፤ አንሥቶም በጉያው ይሸጕጠዋል። እባቡ ሙቀት አግኝቶ ነፍስ በዘራ ጊዜ ገበሬውን ነድፎ ይገድለዋል። መምህራችን መጽሐፉን አጥፎ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን፥ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ውለታ ለማያውቅ ደግ አትሥራ!» እንል ነበር። መልሳችን ልክ ነው ይባል ነበር። እኔም በተራዬ መምህር ሆኜ ይህንኑ ተረት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር፥ ይህንኑ መልስ ልክ ነው እያልሁ ማርክ ስሰጥ ኖርሁ። አሁን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ተረቱ ስሕተት ያለበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እንዲህም እንዳስብ ያደረገኝ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን የጻፈልኝ ዱሮ ያስተማርሁት ልጅ ነው። ዛሬ በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሮላይና ይኖራል፤ ትዳር ይዟል፤ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅም አለችው። በስልክ አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ፎቶግራፉን ባየሁት ጊዜ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደ ገና አየሁት። በመስታወት ሣጥን ውስጥ፥ በደረቀ ቅጠል ላይ፥ ወፍራም እፉኝት ተጠቅልላ ተኝታለች። ከሥሩም እንዲህ ብሏል፤ «ጋሼ፥ የአገሬን ልጅ ይዤ ተቀምጫለሁ። ስሟን ሎሚ ብያታለሁ። ሽታዬን ለምዳለች፤ ሣጥኑን ስከፍት አትቆጣም። ሕጉም ይፈቅዳል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔም «ልጄ ሆይ፥ ዛሬውኑ አስወጣት» ብዬ ብቻ መለስሁለት። አዘነ። «ምክንያቱን ሳይነግሩኝ እንዲህ ያዝዙኛልን? እርስዎ አይደሉም እንዴ ምክንያት ጠይቁ ብለው ያስተማሩን?» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ምክንያቱን እዚህ እጽፋለሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ሥዕል ከአገር አገር እየዞረ የብዙ ወጣቶችን ልብ ሲስብ ስለማይ፥ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ይሁን ብዬ ነው። የሌላ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ተረቱን ልንቀፍ። ተረቱ እባቡን በውለታ ቢስነት ይከሳል። ነገር ግን ውለታ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ፍጥረት ውለታ ቢስ ሊባል ይችላልን? እባብ የውጭ ጆሮ የለውም፤ ዓለሙን የሚያውቀው ይበልጡን በተሰነጠቀ ምላሱ ሽታ እየለቀመ ነው። በዚያም ሽታ «ይህ ይበላል፥ ይህ ያስፈራል፥ ይህ አያሳስብም» ብሎ ይለያል። «ይህ ወዳጄ ነው» የሚል አራተኛ ክፍል የለውም። እንግዲህ ጥፋተኛው እባቡ አይደለም። ደግሞም የገበሬው ርኅራኄ ጥፋት አልነበረም፤ እባቡን በእንጨት አንሥቶ ፀሐይ በሚመታው ድንጋይ ላይ ቢያስቀምጠው ርኅራኄው ያው ርኅራኄ በሆነ ነበር። ገበሬውን የገደለው የመረጠው ቦታ፥ ማለት ጉያው ነው። ተረቱ ይህን ሳይናገር ያልፋል። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳልናገር አለፍሁ።

ተማሪዬ «ሽታዬን ለምዳለች» ያለው ውሸት አይደለም። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ይህን ሐሳብ ከእርሱ እጅግ አብልጠው ያመኑበት ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ግሬስ ኦሊቭ ዋይሊ ይባላሉ፤ አሜሪካዊት ናቸው። በሚኒያፖሊስ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በነበረው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ጅራቱን እንደ ቃጭል የሚያንኳኳውን የአሜሪካ እባብ በማቆያ ውስጥ እንዲራባ በማድረግም ስማቸው ይነሣል። እምነታቸው አጭር ነበር፤ እባብ የሚነድፈው ሲፈራ ነው፤ ፍርሃቱን በትዕግሥት ካራቁለት አይነድፍም። አዲስ እባብ ሲመጣላቸው በጨርቅ በተጠቀለለ በትር ቀስ ብለው ይዳብሱታል፤ መቆጣቱን ሲተው በእጃቸው ይዳብሱታል። እውነትም ብዙዎቹ እባቦች ይታገሧቸው ነበር፤ ኮብራ የሚባለውን ሳይቀር በባዶ እጅ ያነሡ ነበር።

እኒህን ሴት የምጠቅሰው ለመሳቅ አይደለም። ከብዙ ሰው ይልቅ ታጋሽና ደፋር ነበሩ፤ ያስተዋሉትም ነገር ግማሹ እውነት ነበር። ችግሩ ከግማሹ እውነት ላይ ቤታቸውን መሥራታቸው ነው። በቺካጎ አጠገብ በብሩክፊልድ የአራዊት ማቆያ ሲሠሩ እባቦች እያመለጡ ስላስቸገሩ በ1935 ከሥራቸው ተሰናበቱ። እባቡን የሚወድ ሰው የሣጥኑን መዝጊያ ይንቃል፤ ፍቅር ካለ ቁልፍ ምን ያደርጋል ብሎ ያስባልና። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በራሳቸው ቤት እባቦቻቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ለሲኒማ ሠሪዎችም ያከራዩ ነበር።

በ1948 በሐምሌ ወር አንድ ጋዜጠኛ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ወደ ቤታቸው መጣ። ከሕንድ አገር አዲስ የመጣ ኮብራ ነበረ። ኮብራው አንገቱን ዘርግቶ እንዲታይ ብለው እጃቸውን በፊቱ አንቀሳቀሱ፤ ጣታቸውን ነደፋቸው። እርሳቸውም ሳይደነግጡ እባቡን አላቅቀው ወደ ሣጥኑ መለሱት። በቤታቸው የነበረው የመድኃኒት ብልቃጥ በጥድፊያ መካከል ተሰበረ፤ በሆስፒታሉ የተገኘውም መድኃኒት ለአሜሪካ እባብ እንጂ ለኮብራ የሚሆን አልነበረም። ከተነደፉ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዐረፉ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ያልለመደ እባብ ስለ ነበረ ነው፥ ቢለምድ ኖሮ አይነድፍም ነበር» ይላል። ይህን ክርክር ልብ ብላችሁ መርምሩት። የለመደው እባብና ያልለመደው እባብ የሚለዩት በምንድን ነው? ባለቤቱ በሚሰጠው ግምት ነው። ግምቱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ደግሞ እባቡ አለመንደፉ ብቻ ነው። ውሻ ከሰው ጋራ ከዐሥር ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ተናካሹ እየተወገደ ገራሙ እየተመረጠ ከትውልድ ወደ ትውልድ ባሕርዩ ተለውጧል። እባብ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። በሣጥን የተወለደች እፉኝትም ብትሆን በቆላ ድንጋይ ሥር ከተወለደችው እኅቷ በባሕርይ አትለይም፤ ከእባብ እንቁላል ርግብ አይፈለፈልም ያሉት አባቶቻችን ይህን ዐውቀው ነው። (እፉኝት እንቁላል ሳይሆን ግልገል ትወልዳለች ብሎ የሚያርመኝ ተማሪ ካለ፥ ዕርማቱን በደስታ እቀበላለሁ።) እንዲያውም መልመድ ራሱ አደጋ ያመጣል። በሣጥን የምትኖር እባብ የክዳኑን መከፈት ከመብል ጋራ ማያያዝ ትማራለች፤ አይጥ የነካ እጅ ሲገባ እጁ አይጥ ይሆንባታል። ይህ ቍጣ አይደለም፤ የምሳ ሰዓት ነው።

ዕውቀትም ቢሆን አይበቃም። ካርል ሽሚት የተባሉት ሊቅ በቺካጎ ፊልድ ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመታት ስለ እባብ ያጠኑ ሰው ነበሩ። በ1957 ቡምስላንግ የምትባል ትንሽ የአፍሪካ የዛፍ እባብ አውራ ጣታቸውን ነደፈቻቸው። መርዙ ይህን ያህል አይሆንም ብለው ገመቱ፤ የሚሰማቸውን ሁሉ እየመዘገቡ ቆዩና በማግሥቱ ሞቱ። ሊቁ ያልገመተውን ማን ሊገምት ነው?

ልጄ ሆይ፥ እስካሁን የተናገርሁት ስለ አንተ ብቻ ነው። «ቢነድፈኝ እኔን ነው፥ ሰው በራሱ ሕይወት ነጻ አይደለምን?» ትለኝ ይሆናል። እሺ፥ ለጊዜው ነጻ ነህ እንበል። እስቲ አንተ በምትኖርበት ክፍለ አገር በ2021 የሆነውን አስታውስ። በራሊ ከተማ የአንድ ወጣት ኮብራ፥ ዓይን ላይ መርዝ የሚተፋው የናሚቢያና የአንጎላ ዐይነት፥ በሰኔ ወር መጨረሻ በሌላ ሰው ቤት በረንዳ ላይ ታየ። ሁለት ቀን ያህል ሰፈሩ ሁሉ ልጆቹን ከቤት ዘግቶ፥ ፖሊስና የእንስሳት ተቈጣጣሪ ሣር ሲፈትሽ ቆይቶ ተያዘ። በኋላ ሲመረመር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እባቡ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ባለቤቱ ለማንም አልተናገረም። የአገሩ ሕግ ሣጥኑ እንዲቈለፍና ምልክት እንዲደረግበት፥ እባብ ካመለጠም ወዲያው እንዲነገር ያዛል፤ ወጣቱም በአርባ ጥፋቶች ተከሶ በመጨረሻ ማምለጡን ባለመናገሩ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ እባቦቹንም አስረከበ።

ሰባት ወር! ጎረቤቶቹ በዚያ ሰባት ወር ውስጥ በባዶ እግራቸው ወደ ጓሮ ወጥተዋል፤ ልጆቻቸው ኳስ ፈልገው ከቁጥቋጦ ሥር እጃቸውን ሰደዋል። እኒህ ሰዎች ነጻ አልነበሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውምና። ወጣቱ ለምን ዝም አለ? ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይመስለኝም። አፍሮ ነው፤ እባቦቹን እንዳይወስዱበት ፈርቶም ይሆናል። እኔ ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ።

የማውቀው እንዲህ ነው። በ1979 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ አንድ እፉኝት በጀሪካን ይዘው መጡ። መግደል ሲገባኝ፥ ወይም ወደ ዱር መመለስ ሲገባኝ፥ በጣውላና በወንፊት ሽቦ ሣጥን ሠርቼ በሳይንስ ክፍሉ አኖርሁት። ለምን? ለትምህርት ነው እል ነበር። በግማሽ ለትምህርት ነበር፤ በሌላው ግማሽ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ «እባብ የማይፈራው መምህር» ይለኝ ስለ ጀመረ ነው። እፉኝቱ ሲቆጣ ሰውነቱን ነፍቶ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል፤ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ እኔ በሣጥኑ ላይ እጄን አስደግፌ እቆማለሁ። ስለዚያ አቋቋሜ ባሰብሁ ቍጥር ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጧት ስገባ የሽቦው ጥግ ተልጦ ሣጥኑ ባዶ ነበር። በዚያች ጊዜ ምን አሰብሁ? ስለ ልጆቹ አላሰብሁም። «ርእሰ መምህሩ ምን ይሉኛል?» ብዬ አሰብሁ። በሩን ዘግቼ ብቻዬን በመጥረጊያ እንጨት ፍለጋ ጀመርሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈልጌ ሳጣ ነው ለርእሰ መምህሩ የነገርሁት። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ተሰደዱ። እፉኝቱ በዚያው ክፍል ከኖራ ከረጢቶቹ ኋላ ተገኘ። በኋላ ግን ትምህርት ቤቱን የምትጠርገው ሴት ያን ዕለት ማለዳ፥ እኔ ሳልመጣ፥ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ያንን ክፍል እንደ ጠረገች ሰማሁ። ከረጢቶቹንም አንሥታ፥ ከሥራቸው ጠርጋ፥ መልሳ አስቀምጣቸው ነበር። ጫማ አልነበራትም።

ሎሚን በተመለከተ እንግዲህ እኔ የምጠይቅህ ስለ እጅህ አይደለም። ቤትህን የሚጠርገው ማን ነው? ቧንቧ ሲፈነዳ የሚገባው ሠራተኛ፥ እሳት ሲነሣ በጢስ ውስጥ የሚዳብሰው የእሳት አደጋ ሰው፥ አንተ ታመህ ስትወድቅ በሩን ሰብራ የምትገባው ጎረቤት፥ ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉን? ልጅህስ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል መቼ ታውቃለች? ከአንተ በፊት እንደምታውቅ ልንገርህ፤ አስተማሪ ነበርሁና ልጆችን አውቃለሁ።

ስለ መድኃኒቱም አስብ። የእባብ መርዝ መድኃኒት እንደ ሌላ ክኒን በፋብሪካ ተቀምሞ የሚወጣ አይደለም። ለፈረስ ጥቂት መርዝ በየጊዜው እየተወጋ፥ ፈረሱ ራሱን ለመከላከል በደሙ ውስጥ የሚያበጀው ነገር ተጣርቶ የሚገኝ ነው። አልቤር ካልሜት የተባለው ፈረንሳዊ በ1890ዎቹ ይህን ጀመረ፤ ብራዚላዊው ሐኪም ቪታል ብራዚል ደግሞ የአንዱ እባብ መድኃኒት ለሌላው እንደማይሆን አሳየ። የአሜሪካ ሆስፒታል የአሜሪካን እባብ መድኃኒት ያኖራል፤ የአፍሪካ እፉኝት መድኃኒት በአብዛኛው የሚገኘው በአራዊት ማቆያዎች ነው፤ የሚያኖሩትም ለሠራተኞቻቸው ነው። የራሊው ወጣት ኮብራው ከመታየቱ ከጥቂት ወራት በፊት በሌላ የአፍሪካ እባብ ተነድፎ ሳለ፥ ሕይወቱ የዳነው በደቡብ ካሮላይና ካለ የአራዊት ማቆያ በመጣ መድኃኒት ነው።

መዳኑ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ እርሻ ላይ ያሉ ድኾች ናቸው። በአገራችን በሰሜን ምዕራብ ቆላ፥ በአብደራፊ አካባቢ፥ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች እባብ ይነድፋቸዋል፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ለዓመታት ሲያክማቸው ኖሯል። ለአፍሪካ እባቦች ይሆን የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለውን መድኃኒት የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 መሥራቱን አቆመ፤ የቀረውም በ2016 ጊዜው አለፈበት። ያ አጫጅ ከእፉኝት ጋራ አንድ ሜዳ ላይ የተገናኘው መርጦ አይደለም። አንተ ግን እርሱ ሊሸሸው የማይችለውን በገንዘብህ ገዝተህ ከመኝታ ቤትህ አጠገብ አስቀመጥኸው። ይህን ስጽፍ እጄ እንደ ጠነከረብህ አውቃለሁ።

ማንም እባብ አይያዝ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉ። መርዙ ካልተለቀመ መድኃኒቱ አይሠራምና የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በማያሚ የነበሩት ቢል ሃስት ለዚህ ሥራ ሲሉ ከ170 ጊዜ በላይ ተነድፈው፥ ጣት አጥተው፥ በ2011 በ100 ዓመታቸው ሞቱ፤ ደማቸውንም ለተነደፉ ሰዎች ሰጥተዋል። ወጣቶች የእርሳቸውን ዕድሜ እየጠቀሱ ይከራከሩኛል። ከመቶው ዓመት ይልቅ ያጡትን ጣት ቢያዩ ይሻላል። ደግሞም እባብን ባያችሁበት ሁሉ ግደሉ ማለቴ አይደለም፤ ጎተራችንን ከአይጥ የሚጠብቅልን እርሱ ነው። ከአገራችን ደን በስተቀር በዓለም የትም የማይገኙ እፉኝቶች አሉን፤ አንደኛዋ፥ የባሌዋ የሐረና ደን እፉኝት፥ በሳይንስ ስም የወጣላት ገና በ2016 ነው። ሌላይቱ፥ ቢጫ ነጥብ ያላት የደቡብ ምዕራብ ደጋ እፉኝት፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች መስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ስትሸጥ ስትለወጥ ኖራለች። ውበቷን የማደንቅ ሰው ነኝ። ጎጆዋ ግን ደኑ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለተማሪዬ ላክሁለት። ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያም መልሱ መጣ፤ ፈቃድ ያለው የእባብ ማቆያ እያፈላለገ መሆኑን፥ እስከዚያው ሣጥኑን ልጁ ከማትደርስበት ወደ ተቈለፈ ክፍል እንደ ወሰደው ነገረኝ። በዚህ ሙሉ በሙሉ ደስ አላለኝም፤ እርሱም እንደ ከፋው ከአጻጻፉ ይታወቃል። በመጨረሻ ግን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፥ ያቺ የምትጠርገው ሴት ምን አለችዎት?»

ይቅርታ ልጠይቃት በማግሥቱ ሄጄ ነበር። ልጇን እያጠባች ነበረች። ብዙ ተናገርሁ፤ ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ፥ «መምህር፥ ያ ሣጥን ካልፈለጉት ለእኔ ይስጡኝ፤ ዶሮዎቼ ማደሪያ የላቸውም» አለችኝ። የተላጠውን ሽቦ በሚስማር አጥብቄ ሰጠኋት።